ሰሃራ ለምን እዛ ሆነ? የዓለም ትልልቅ በረሃዎች ቦታቸውን እንዴት እንዳገኙ

ጉግል ማፕ ክፈቱና ሳተላይት የሚለውን ንኩት፣ ከዛ ጣታችሁን ግብፅ ውስጥ አስዋን አካባቢ አስቀምጡና በአግድም ጎትቱት። ወደ ግራ ሊቢያ፣ አልጄሪያ፣ ሞሪታኒያ እያላችሁ አትላንቲክ ውቅያኖስ እስክትደርሱ ድረስ አረንጓዴ ነገር አታገኙም ማለት ይቻላል፣ ወደ ቀኝ ደሞ ቀይ ባህርን ተሻግራችሁ ሳውዲ፣ ኢራን፣ ፓኪስታን እያለ ህንድ ራጃስታን ድረስ ያው ቡናማ ነው። አሁን ከምድር ወገብ በታች ተመሳሳይ ርቀት ውረዱና እንደገና ጎትቱ። ናሚቢያ፣ ቦትስዋና፣ አውስትራሊያ፣ ቺሊ። አሁንም ቡናማ።

በረሃ ዝም ብሎ የትም አይፈጠርም ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን የፀሐይ ጉዳይ ነው ብሎ ያስባል፣ ፀሐይ በጣም የሚመታው ቦታ በረሃ ይሆናል በቃ ይላል፣ እንደሱ ቢሆንማ ኮንጎና አማዞን ነበሩ ቀድመው መድረቅ የነበረባቸው። ነገሩ ያለው አየሩ ጋ ነው፣ አየር ውሃውን የት አፍስሶ የት ባዶውን እንደሚደርስ ካወቃችሁ ካርታው ላይ ያሉትን በረሃዎች ሳትሸመድዱ መገመት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ግን በረሃ የሚባለው የቱ ነው?

መለኪያው ሙቀት አይደለም፣ ዝናብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰራበት ልክ በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር በታች ዝናብ የሚያገኝ ቦታ የሚለው ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ወይ በነሐሴ አንድ ወር ብቻ የምታገኘው ይሄን ያህል ነው፣ ስለዚህ የአዲስ አበባን አንድ የክረምት ወር ዝናብ ወስዳችሁ ዓመቱን ሙሉ ብትበትኑት በረሃ ሆነ ማለት ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ዝናቡን ብቻ ሳይሆን የሚተነውንም ያሰላሉ፣ ምክንያቱም ሞቃት ቦታ ላይ የዘነበው መሬት ሳይገባ ተመልሶ ይሄዳል።

በዚህ ልክ ከሄድን የዓለም ትልቁ በረሃ አንታርክቲካ ነው፣ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። አዎ በረዶ ነው፣ ግን መሃሉ ላይ በዓመት የሚወርደው በረዶ ቀልጦ ቢለካ 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው፣ ያ ሁሉ ክምር የተጠራቀመው ስለማይቀልጥ እንጂ ብዙ ስለሚወርድ አይደለም። የሰሜን ዋልታ አካባቢም በዚሁ ስሌት ሁለተኛ ይመጣል። ሰሃራ እንግዲህ ሦስተኛ ነው፣ ከሞቃቶቹ ግን አንደኛ፣ 9.2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ማለትም ስምንት ኢትዮጵያ ይገባበታል። ቀጥሎ የአረብ በረሃ 2.3 ሚሊዮን፣ ከዛ ሞንጎሊያና ቻይና ላይ ያለው ጎቢ 1.3 ሚሊዮን ገደማ።

ታዲያ ለምን ከምድር ወገብ ትንሽ ራቅ ብሎ?

ይቺን ክፍል በደንብ ከያዛችሁ ግማሹ አለቀ። ምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ባህሩንም ጫካውንም ታሞቃለች፣ አየሩ ይሞቅና ብዙ ተን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ሞቃት አየር ይቀላልና። ከፍ ባለ ቁጥር ደሞ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ አየር ያን ሁሉ ተን ይዞ መቆየት አይችልም፣ ስለዚህ ልክ እንደታጠበ ጋቢ ይጨመቅና ውሃውን እዛው ያፈሰዋል። የኮንጎና የአማዞን ጫካ የሚጠጣው ይሄን ነው።

የተጨመቀው አየር ግን ላይ ቆሞ አይቀርም፣ ከስር ሌላ እየወጣ ስለሚገፋው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሄዳል፣ ምድር ስለምትሽከረከር ደሞ እስከ ዋልታ ድረስ ቀጥ ብሎ መድረስ አይችልም፣ ከምድር ወገብ 30 ዲግሪ ገደማ ርቆ ቁልቁል ይወርዳል። ሲወርድ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ይሞቃል። ሞቃትና ደረቅ አየር ከላይ ሲጫናችሁ ዳመና መስራት የለም፣ ያለችውም ትንሽ እርጥበት ትተናለች፣ ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ ጥርት ይላል፣ ፀሐይዋም ያለ ከልካይ መሬቱን ትጠብሳለች። ሰሃራ፣ የአረብ በረሃ፣ ካላሃሪ፣ የአውስትራሊያ በረሃዎች በሙሉ የዚህ ውጤት ናቸው። አውስትራሊያ ከነትልቅነቷ ሰባ ከመቶ ያህሏ ደረቅ ወይ ከፊል ደረቅ የሆነችውና ሕዝቧም ጠረፍ ጠረፉን ይዞ የሚኖረው በሌላ ምክንያት አይደለም፣ ይሄ የሚወርድ አየር ልክ ራሷ ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ይሄን ዑደት መጀመሪያ ያብራራው ጆርጅ ሃድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1735። ሙያው ሕግ ነበር፣ የአየር ነገር የትርፍ ጊዜ ፍቅሩ ነው፣ ግን እስካሁን ዑደቱ በሱ ስም ነው የሚጠራው።

እዚህ ጋ አንድ ጎበዝ አንባቢ ይነሳና ደቡብ ቻይናስ ይለኛል፣ እሷም እኮ 25 ዲግሪ ላይ ናት፣ ግን ሩዝ በሩዝ ናት። ትክክል ነው። በበጋቸው የእስያ መሬት በተለይ የቲቤት ከፍታ ስለሚሞቅ ከባህሩ እርጥብ አየር ይስባል፣ ያ ሞንሱን የሚባለው ነው፣ የሚወርደውን ደረቅ አየር ገፍቶ ዝናቡን ያስገባዋል። 30 ዲግሪው ላይ መገኘት ለበረሃነት ያጫል እንጂ አያስገድድም።

ባህር ዳር ላይ ሆኖ እንዴት ይደርቃል?

(ከተማዋን አይደለም፣ የባህር ጠረፍ ማለቴ ነው።) የሰው ልጅ ከለካቸው ቦታዎች ሁሉ እጅግ ደረቁ ያለው ፓስፊክ ውቅያኖስ ጠረፍ ላይ ነው፣ ቺሊ ውስጥ፣ አታካማ በረሃ። አሪካ የምትባለው የወደብ ከተማ አማካይ ዓመታዊ ዝናቧ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1903 እስከ ጥር 1918 ድረስ 173 ወር ሙሉ አንድ ጠብታ አልተመዘገበባትም፣ ከ14 ዓመት በላይ ማለት ነው፣ ከፊት ለፊቷ ግን የዓለም ትልቁ ውቅያኖስ ተዘርግቷል።

ምክንያቱ የውሃው ቅዝቃዜ ነው። ከደቡብ ከአንታርክቲካ አቅጣጫ ሃምቦልት የሚባል ቀዝቃዛ የባህር ፍሰት ጠረፉን ታኮ ይመጣል። በላዩ ያለው አየር አብሮ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ነው፣ ሽቅብ አይወጣም፣ ካልወጣ አይጨመቅም፣ ካልተጨመቀ ዝናብ የለም። የሚገኘው ጉም ብቻ ነው። ጧት ጧት ወፍራም ጉም ከባህሩ ይመጣና ፊትህን አርሶህ ይሄዳል፣ መሬቱ ግን እንደደረቀ ነው። የቺሊ ሰዎች ይሄን ጉም ካማንቻካ ይሉታል፣ ተራራ ላይ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ወጥረው ያጠምዱታል፣ መረቡ ላይ የቀረችው ጠብታ ቁልቁል ወርዳ በቧንቧ ትጠራቀማለች። በዚያ ላይ በምሥራቅ በኩል አንዲስ ተራራ ከአማዞን የሚመጣውን እርጥበት ይዘጋባቸዋል፣ ከላይ ደግሞ ያ የሚወርደው ደረቅ አየር አለ። ሦስቱም ምክንያት አንድ ቦታ ላይ ተደራርቦ ነው አታካማ እንደዛ የሆነው። ሳይንቲስቶች ማርስ ላይ የሚልኳቸውን መኪኖች መጀመሪያ እዛ ወስደው መፈተናቸው አይገርምም።

ናሚብም ታሪኩ ያው ነው፣ የናሚቢያ ጠረፍ ላይ፣ ቀዝቃዛው ፍሰት ቤንጌላ ይባላል። እዛ የምትኖር አንዲት ጥቁር ጢንዚዛ አለች፣ ጉም በመጣ ጊዜ የአሸዋው ክምር ጫፍ ላይ ወጥታ በጭንቅላቷ ትቆማለች፣ ቂጧን ወደ ላይ አድርጋ። ጉሙ ጀርባዋ ላይ ጠብታ ይሰራል፣ ጠብታው ተንከባሎ አፏ ውስጥ ይገባል። ውሃ አጠጣጥ እንደዚህ ነው።

ተራራ ዝናብ ያመጣል አይደል እንዴ?

ያመጣል፣ ግን ለአንዱ ወገን ነው። ነፋስ እርጥበት ይዞ ተራራ ሲገጥመው ለመሻገር ሽቅብ መውጣት አለበት፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ይጨመቃል፣ ማዶ ሲወርድ ባዶውን ነው። ባለሙያዎች የዝናብ ጥላ ይሉታል።

ይሄን በዓይኑ ያየ ብዙ ሀበሻ አለ። ኢየሩሳሌም ሄዶ የተሳለመ ሰው ከተማዋን ያውቃታል፣ 800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ከሜዲትራኒያን የሚመጣው የክረምት ዝናብ ወደ 550 ሚሊ ሜትር ይሰጣታል፣ ዛፉም ወይራውም አለ። ከዛ ወደ ዮርዳኖስና ሙት ባህር በአውቶቡስ ስትወርዱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዛፉ ይጠፋል፣ ሣሩ ይጠፋል፣ ጆሮአችሁ ይደፈናል፣ ራቁቱን የቆመ ቢጫ ተራራ ብቻ ይቀራል። ሙት ባህር ከባህር ወለል በታች 430 ሜትር ገደማ ነው፣ ዝናቡም ከ100 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ርቀቱ እኮ በአየር ቢለካ ከአዲስ አበባ ደብረ ዘይት አይበልጥም!

ትልልቆቹም በዚሁ መንገድ ነው የተሰሩት። አርጀንቲና ውስጥ ፓታጎንያ የደረቀችው ከፓስፊክ የሚመጣውን ነፋስ አንዲስ ቺሊ ጋ ስለሚጨምቅባት ነው። አሜሪካ ካሊፎርንያ ውስጥ ዴዝ ቫሊ ከሴራ ኔቫዳ ተራራ ጀርባ ተደብቃለች፣ ዝቅተኛው ቦታዋ ከባህር ወለል በታች 86 ሜትር ነው፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1913 የተመዘገበባት 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስካሁን በይፋ የዓለም የሙቀት ሪከርድ ነው። ድሮ ሪከርዱ የሊቢያዋ አል አዚዚያ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የተባለ 58 ዲግሪ፣ ግን የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት በ2012 አለካኩ ስህተት ነበረው ብሎ ሰርዞታል፣ ዛሬም ግን ሶሻል ሚዲያ ላይ እየተዟዟረ ነው።

ላስ ቬጋስ ያላችሁ ወገኖች ደሞ ሞሃቬ በረሃ ውስጥ ነው የምትኖሩት፣ ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የምትጠጡት ውሃ በአብዛኛው ከሮኪ ተራሮች በኮሎራዶ ወንዝ ወርዶ ሁቨር ግድብ ላይ የተያዘው ነው።

ጎቢስ?

ጎቢና ታክላማካን ከምድር ወገብ በጣም ርቀው ወደ ሰሜን ናቸው፣ ቀዝቃዛ ባህርም የላቸውም፣ ባህር ራሱ የላቸውም እኮ፣ ችግራቸው እሱ ነው። የእስያ መሃል ስለሆኑ እርጥብ አየር እነሱ ጋ እስኪደርስ መንገድ ላይ ያልቃል፣ የተረፈውን ደግሞ ሂማላያና የቲቤት ከፍታ ይጨርሱታል። ታክላማካን ዙሪያውን በተራራ የታጠረ ነው። ጎቢ ላይ ክረምት ሲሆን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ ግመሉ በረዶ ላይ ይሄዳል።

እኛ ታዲያ እንዴት ተረፍን?

ካርታው ላይ ጎረቤቶቻችንን ተመልከቱ፣ ሱዳን፣ የመን፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ። መሃላቸው ላይ አንድ አረንጓዴ ጉብታ አለች። ኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ውስጥ ስለሆነች ያ የሚወርደው አየር ዋና ቦታ ላይ አይደለችም፣ ያ ምድር ወገብ ላይ ያለው የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ በኛ ክረምት ላያችን ላይ ይደርሳል፣ ከአትላንቲክ በኮንጎ በኩልና ከህንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥበት ደግሞ ደጋውን ሲገጥመው ሽቅብ ይወጣና ይዘንባል። ደጋው ባይኖር ይሄን ያህል አይዘንብም ነበር። የሰሃራ ትልቁ አረንጓዴ መስመር፣ ማለትም የናይል ዳርቻ፣ የሚጠጣው ይሄንኑ ነው፣ አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 ከመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ነው።

ደጋው ግን ጀርባ አለው፣ ጀርባው አፋር ነው። በክረምት ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ በጋቢ ተጠቅልላችሁ ቁልቁል ወደ ሸዋሮቢት ስትወርዱ ጃኬቱን ማውለቅ ትጀምራላችሁ፣ ወደ አፋር በገባችሁ ቁጥር ደግሞ እሾሃማ ቁጥቋጦና አቧራ ነው። ወደ ሰሜን ዳሎል ከባህር ወለል በታች 125 ሜትር አካባቢ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው መሰረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፣ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች የዓለም ከፍተኛው። ሌሊቱንም ቀኑንም፣ ክረምቱንም በጋውንም ደምሮ አማካዩ ማለት ነው። እዛ ያለው ጨው የቀይ ባህር ውሃ ድሮ ገብቶ እየተነነ የቀረ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ እየተጠረበ አሞሌ ሆኖ በግመል የሚወጣው ከላይ ከላዩ ነው። አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ባህር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፣ ቦትስዋና ውስጥ ኦካቫንጎ ወንዝ ካላሃሪ ላይ እንደሚያልቀው ማለት ነው።

ሶማሊያ ደሞ ለብቻዋ እንቆቅልሽ ናት፣ ግማሿ ምድር ወገብ ጥግ ነው፣ ባህሩም አጠገቧ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ጠረፉን ታኮ ይሮጣል እንጂ ወደ መሬቱ አይገባም፣ እየሮጠ የላይኛውን ሞቃት ውሃ ገፍቶ ከስር ቀዝቃዛውን ያወጣል፣ ያኔ የአታካማው ነገር በትንሹ ይደገማል። የያዘውን እርጥበት ሄዶ የሚያፈሰው ህንድ ላይ ነው።

ሰሃራ ሁሌም እንዲህ ነበር?

አልነበረም። ደግሞም በሙሉ አሸዋ አይደለም፣ ፊልም ላይ የምናየው የአሸዋ ክምር ከሰሃራ ሩቡን ያህል ቢሸፍን ነው፣ ቀሪው ድንጋይ፣ ጠጠርና ተራራ ነው፣ ቻድ ውስጥ ኤሚ ኩሲ የሚባለው 3,415 ሜትር ነው፣ ከእንጦጦ ይበልጣል። አሸዋ ባህር የሆነውን ማየት ከፈለጋችሁ ሳውዲ፣ ኦማን፣ የመንና ኤምሬትስ የሚጋሩት ሩብ አል ኻሊ ይሻላል፣ ወደ 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ክምሩ እስከ 250 ሜትር ከፍ ይላል።

ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰሃራ ሣር፣ ሐይቅና ከብት ያለበት አገር ነበር። አልጄሪያ ታሲሊ ናጀር ላይ ድንጋይ ላይ የተሳሉ ላሞችና ጉማሬዎች አሉ። ምክንያቱ የምድር መወዛወዝ ነው፣ ምድር እየተሽከረከረች ዘንጓ በዝግታ ይዞራል፣ አንድ ዙር ከ20,000 ዓመት በላይ ይፈጃል፣ በዚያ ዘመን የሰሜኑ በጋ አሁን ካለው የበለጠ ፀሐይ ያገኝ ነበርና የዝናብ ቀበቶው ወደ ሰሜን ርቆ ይገባ ነበር። ሲመለስ መሬቱ ደረቀ። ሁሉም ግን አልወጣም፣ ቻድ ኤኔዲ ተራራ ውስጥ ገልታ ዳርሼ የሚባል ገደል ስር ያለ ኩሬ አለ፣ እዛ ውስጥ ጥቂት አዞዎች እስካሁን ይኖራሉ። በረሃ መሃል አዞ። ግመል ሊጠጣ ሲገባ አብረው ነው ውሃው ውስጥ ያሉት።

የደረቀው ሐይቅ ወለልም ሥራ አልፈታም። ቻድ ውስጥ ቦዴሌ ከሚባለው ዝቅተኛ ቦታ ነፋስ የሚያነሳው አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ አማዞን ይደርሳል፣ ለጫካው ማዳበሪያ የሚሆን ፎስፈረስ ይዞ። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት ከሰሃራ የሚሄደው ፎስፈረስ በዓመት 22,000 ቶን ገደማ ነው።

በረሃው እየሰፋ ነው የሚባለውስ?

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሰሃራ ከ1920 ወዲህ 10 ከመቶ ገደማ እንደሰፋ ያሳያል፣ ከፊሉ የተፈጥሮ ዑደት ነው ከፊሉ የአየር ንብረት ለውጥ። ግን አሸዋው ተሰልፎ ወደኛ እየመጣ ነው የሚለው አነጋገር አያስኬድም፣ ድርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጫፍ ሳይሆን እዛው ሰው ያለበት ቦታ ላይ ነው፣ ዛፉ ሲቆረጥ፣ ግጦሹ ሲበዛ፣ አፈሩ ሲራቆት። የአፍሪካ ኅብረት በ2007 የጀመረው ታላቁ አረንጓዴ ግድግዳ ከሴኔጋል እስከ ጅቡቲ 8,000 ኪሎ ሜትር የዛፍ ረድፍ ተብሎ ነው የታሰበው፣ ኢትዮጵያም አለችበት፣ አሁን ግን ሀሳቡ ተቀይሮ እንደየቦታው መሬት ማገገሚያ ሆኗል። ኒጀር ላይ ገበሬዎች ችግኝ ሳይገዙ፣ መሬት ውስጥ ያለውን ጉቶ ሲያቆጠቁጥ እየጠበቁ ብቻ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን ዛፍ መልሰዋል፣ ለኔ ከግድግዳው ይልቅ ይሄ ነው የሚያሳምነኝ።

ሰው በራሱ እጅ የሰራው በረሃም አለ። ኡዝቤኪስታንና ካዛክስታን መሃል ያለው አራል ባህር ከዓለም ሐይቆች በስፋት አራተኛ ነበር። ሶቭየት ኅብረት ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚገቡበትን ሁለት ወንዞች፣ አሙ ዳርያንና ሲር ዳርያን፣ ለጥጥ እርሻ ጠለፈቻቸው፣ ሐይቁ ሸሸ፣ ሞይናቅ የምትባለው የዓሣ ወደብ ከነመርከቧ አሸዋ ላይ ቀረች። የሐይቁ ወለል አሁን አራልኩም የሚባል በረሃ ነው፣ አቧራው ጨውና የድሮ እርሻ ፀረ ተባይ ይዞ ይነሳል። ካዛክስታን እ.ኤ.አ. በ2005 ኮካራል የሚባል ግድብ ሰርታ የሰሜኑን ክፍል ስትለየው ውሃው ከፍ አለ፣ ጨውነቱ ቀነሰ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹም ተመለሱ። የደቡቡን ክፍል ግን ውሃ የሚመልስለት የለም፣ ኡዝቤኪስታን ወለሉ ላይ ሳክሳውል የሚባል ድርቅ የሚችል ቁጥቋጦ እየተከለች ነው፣ ቢያንስ አቧራውን እንዲይዝ።